በፈረስ ስለሚሰጥ ሕክምና ጠይቁኝ

ሰላም የጎጃም ልጆች። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሥራዬ ባብዛኛው ሴሬብራል ፓልሲ (በጨቅላነት አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ካለባቸው ልጆች ጋር ነው። በፈረስ ስለሚሰጠው ሕክምና ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ስለሆነ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ነኝ፣ ፈረስ ሞልቶናል። ልጄን ኮርቻ ላይ ባስቀምጠው አይበቃም?

አይበቃም ወንድሜ። ሕክምናው ግልቢያ አይደለም፣ ዋናው የፈረሱ እርምጃ ነው። ፈረስ ረጋ ብሎ ሲራመድ ጀርባው ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች ይወዛወዛል፤ ይኸው ውዝዋዜ እኛ ስንራመድ ዳሌያችን ከሚያደርገው ጋር በጣም ይቀራረባል። በደቂቃ 100 እርምጃ ገደማ ነው። ልጁ በያንዳንዷ እርምጃ እንዳይወድቅ ወገቡንና አንገቱን ያስተካክላል፤ ጨዋታ ይመስለዋል እንጂ ስፖርት እየሠራ ነው። ብዙ ጊዜ ኮርቻም የለም፣ ወፍራም ጨርቅ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የፈረሱ ሙቀት የተገታተረ ጭኑን እንዲያላላለት። አንድ ሰው ፈረሱን ይመራል፣ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ልጁን ደግፎ ይሄዳል፣ ባለሙያው ደግሞ ዓይኑን ከልጁ አይነቅልም። ሄልሜት ግዴታ ነው። እና ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ሽምጥ ሲጋልብ ያያችሁት ፈረስ ለዚህ አይሆንም፣ የማይደነብር ጭምት ይፈለጋል። ለኛ የጠፋው ፈረሱ ሳይሆን የሠለጠነ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የጋሪ ፈረስስ?

እባካችሁ ተዉት።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ እግሮቿ ይጠላለፋሉ። ይሆናታል?

ሊሆናት ይችላል እህቴ፣ ግን መጀመሪያ የዳሌ ራጅ ይነሣላት። እንዲህ ያሉ ልጆች ላይ የጭን አጥንት ቀስ እያለ ከዳሌ ሊወጣ ይችላል፣ መጀመሪያ ላይ ላያማትም ይችላል። ዳሌዋ ወጥቶ እግሯን ከፍታ ፈረስ ላይ ብትቀመጥ ጉዳት ነው። አከርካሪው በጣም የተጣመመ ወይም የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተገታ ልጅም ፈረስ ላይ አይወጣም። ጠበል የምትወስዱ ውሰዱ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ጥያቄ፦ ያድናል ወይ?

አያድንም። አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት እዚያው ነው። ተስፋ የሚጣልበት አቀማመጥና ሚዛን ላይ ነው፤ የጭን መገተርም ለጊዜው ይላላል። «በወር አስሮጠዋለሁ» የሚላችሁ ካለ ብራችሁን ያዙ።

ጥያቄ፦ ለስፖርት የደረሰ አለ?

ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል አለች። ያመማት ፖሊዮ ነው እንጂ ሴሬብራል ፓልሲ አይደለም፤ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና በ1952 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ላይ በፈረስ የብር ሜዳሊያ ወሰደች።

ጥያቄ፦ ፈረሱም ባለሙያውም ከሌለ ቤት ምን እናድርግ?

ዳሌው ደህና መሆኑ ከታየ በኋላ ጭናችሁ ላይ አንፈራጣችሁ አስቀምጡት፣ ከወገቡ ያዙት። ጉልበታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ አንድ ጎን አዘንብሉና ጠብቁ። ቀና የሚያደርገው እሱ ራሱ ይሁን፣ እናንተ አትቸኩሉ። ከዚያ በሌላው ጎን። ልክ እንደበላ ግን አይሆንም፣ ያስመልሰዋል።