የባትሪ እርሳስ፣ የወንድ ዘርና የሽፈራው ዱቄት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ባትሪ በመጠገን እተዳደራለሁ። አሮጌ ባትሪ ፈትቼ እርሳሱንም አቀልጣለሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሦስት ዓመት ቢሆነንም ልጅ አላገኘንም። በምርመራ የዘር ህዋሴ ቁጥርም እንቅስቃሴም ዝቅተኛ ነው ተብያለሁ። የሥራ ባልደረባዬ የሽፈራው ዱቄት፣ እርድና የጥቁር አዝሙድ ዘይት የእርሳስን መርዝ ያጥባሉ ብሎኝ መውሰድ ጀምሬያለሁ። በእርግጥ ይረዱኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረባዎ የነገሩዎት ከመሬት ተነሥቶ የተወራ አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው ማስረጃ የተገኘው ከአይጥ ነው።

የወንድ ዘር ህዋስ ሽፋን በቀላሉ በሚበላሹ የቅባት አሲዶች የተሞላ ሲሆን፣ ህዋሱ ራሱን የሚከላከልባቸው ኢንዛይሞች ግን ጥቂት ናቸው። እርሳስ ወደ ሰውነት ሲገባ ፍሪ ራዲካል የሚባሉት ጎጂ ሞለኪውሎች ይበዛሉ፤ እነዚህም ሽፋኑን ስለሚያበላሹት የህዋሱ እንቅስቃሴ ይዳከማል፣ የሚሸከመው ዲኤንኤም ሊሰባበር ይችላል። ከዚህም ሌላ እርሳስ ዲኤንኤውን አጥብቀው በሚጠቀልሉ ፕሮቲኖች ላይ የዚንክን ቦታ ይሻማል። ከእርሳስ ጋር በሚሠሩ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን በዴሲሊትር ከ40 ማይክሮግራም ሲያልፍ የዘር ህዋስ ቁጥርና ጥራት እንደሚቀንስ ታይቷል።

በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን፣ በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኪኖን፣ በቀይ ሽንኩርትና በሽፈራው ውስጥ ያለው ኬርሴቲን ፍሪ ራዲካልን የማክሸፍ ጠባይ አላቸው። በቤተ ሙከራ እርሳስ ወይም ካድሚየም (ሌላ መርዛማ ብረት) ከተሰጣቸው አይጦች መካከል እነዚህን ውህዶች የወሰዱት በዘር ፍሬያቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ቀለል ብሎ ተገኝቷል። ሆኖም አይጧ ብዙውን ጊዜ ውህዱን የምትወስደው ከብረቱ ጋር በአንድ ወቅት ወይም አስቀድማ ነው፤ መጠኑም በክብደቷ ተሰልቶ የተጣራ ነው። እርስዎ ግን ለዓመታት እርሳስ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል፤ ኩርኩሚንም ቢሆን ከሰው አንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂቱ ነው። በነገራችን ላይ አብዛኛው የሽፈራው ጥናት የተሠራው በህንዱ ዝርያ ላይ ሲሆን፣ የእኛ የኮንሶና የጋሞ ሽፈራው የቅርብ ዘመዱ ይሁን እንጂ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው።

በሰው ላይ ከተደረጉት ውስጥ ለእርስዎ ሥራ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢራን ጥናት ነው። የመኪና ባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞች ለአራት ሳምንት የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሲወስዱ፣ በደማቸው ያለው እርሳስ ፔኒሲላሚን የተባለውን እርሳስ አውጪ መድኃኒት ከወሰዱት ባልተናነሰ ቀንሷል። ተስፋ ሰጪ ውጤት ነው፤ ነገር ግን አንድ አጭር ጥናት ነው፤ ልጅ ስለ መውለድም የሚነግረን ነገር የለም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ጥንዶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ወንዶቹ ዚንክና ፎሊክ አሲድ ለስድስት ወር ቢወስዱም የሕፃናት ውልደት እንዳልጨመረ አሳይቷል። በወረቀት ላይ የሚያሳምን ንጥረ ነገር ሁሉ በተግባር ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እርድን በተመለከተ አንድ አሳሳቢ ጉዳይ አለ። በባንግላዴሽ ነጋዴዎች እርዱ ደማቅ ቢጫ እንዲመስል ሊድ ክሮሜት የተባለ የእርሳስ ቀለም ይቀላቅሉበት እንደነበር ተረጋግጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት እርምጃ ወስዷል። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ የተፈጨ እርድ በማንኪያ እየለኩ መውሰድ፣ እርሳስን በእርሳስ ማከም ሊሆን ይችላል። ሽፈራውንም እርዱንም ወጥ ውስጥ በሚጨመረው መጠን ይብሉ፤ እርዱን ሳይፈጭ ደረቁን ገዝተው ቤት ውስጥ ያስፈጩ፤ ዘይቱንና የታሸገ ዱቄቱን ግን እንደ መድኃኒት አይያዙ።

ዋናው ነገር እርሳሱ የሚገባበትን በር መዝጋት ነው። የሚችሉ ከሆነ ማቅለጡን ይተዉ፤ ካልሆነም ክፍት በሆነ ቦታ፣ ለብረት ጭስና ብናኝ በተሠራ መተንፈሻ ጭምብል ይሥሩ፤ ተራ የጨርቅ ማስክ አያግድም። ወለሉን በደረቁ አይጥረጉ፣ በውኃ ያርሱት። በሥራ ቦታ አይብሉ፣ አያጭሱ፤ ሲጋራ ራሱ ካድሚየም ያስገባል። ባዶ ሆድ እርሳስን አብዝቶ ስለሚቀበል፣ በጾም ቀን እስከ ሰዓቱ ሲሠሩ የሚውሉ ከሆነ እጅና ፊትዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ወደ አፍዎ ምንም አያስገቡ። የካልሲየምና የብረት ማዕድን እጥረትም የእርሳስን ሥርገት ይጨምራል።

በደምዎ ያለው እርሳስ እንዲለካ ሐኪምዎን ይጠይቁ። መጠኑ በጣም ከፍ ካለ እርሳስን ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን በሐኪም ክትትልና ከምንጩ ከራቁ በኋላ ነው። ከደም ውስጥ እርሳሱ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ቢቀንስም፣ አጥንት ውስጥ የተቀመጠው ለዓመታት ቀስ እያለ ይወጣል። አዲስ የዘር ህዋስ ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ከእርሳሱ በራቁ በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አይጠብቁ፤ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከግንኙነት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ታቅበው ምርመራውን ይድገሙ።

እስከዚያው ሁሉንም ነገር በእርሳስ አያሳብቡ። በዘር ፍሬ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥና ያለፈ የአባላዘር በሽታም ተመሳሳይ ውጤት ስለሚያሳዩ በዩሮሎጂ ሐኪም ይታዩ፤ ባለቤትዎም ጎን ለጎን በማኅፀን ሐኪም ይመርመሩ። የሥራ ልብስዎን እዚያው ቀይረው ይውጡ፤ ቤት ካመጡትም ለብቻው ይታጠብ። ባለቤትዎ ልብስዎን ሲያጥቡ የኖሩ ከሆነ፣ እርሳስ ከእናት ወደ ፅንስ ስለሚያልፍ፣ ከማርገዛቸው በፊት የእርሳቸውም ደም ይለካ።