እጇ ሳሙና ላይ ላለችው

ይድረስ ማይክና ካሜራ ለያዛችሁ ልጆቼ፣

በቀደም ከእናንተ አንዱ የሠራውን ቪዲዮ አሳየኝ። ምስሉ ያምራል። ዋናው ወሬ ግን በሙሉ በጽሑፍ ነው የሚያልፈው፣ ከሥሩ ሙዚቃ ብቻ። «ሽንኩርት የምትልጥ ሴት ይህን እንዴት ትከታተለው?» ስለው ሳቀ።

አልፈረድኩበትም። እኔም ቅንብር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጣቢያ ውስጥ የስልክ ቁጥር በጽሑፍ ብቻ አስቀምጬ ፕሮግራም ለቅቄአለሁ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ፣ እጇ ሊጥ እንደነካው፣ ከጓዳ ብቅ ብላ «ቁጥሩን ሳትናገሩት ዘጋችሁት እኮ!» አለችኝ። ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ለካ ከጓዳ ሆና ነበር የምትሰማው።

አሜሪካኖች የቀን ቴሌቪዥን ሲጀምሩ ያስጨነቃቸው ይኸው የእናቴ እጅ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቁጠሩልኝ።) በ1948 ዱሞንት የሚባለው ኔትወርክ የኒውዮርክ ጣቢያውን ከማለዳ ጀምሮ መክፈት ሲጀምር የተነሳው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ሬዲዮ እጅ አያስርም፣ ቴሌቪዥን ግን ዓይን ይፈልጋል፣ ታዲያ በጠራራ ፀሐይ ሥራ ፈትቶ ማን ያያል? ዱሞንት ራሱ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ፣ ያስተላለፈውም አብዛኛው ጠፍቶ ቀርቷል። (ሃርድ ዲስካችሁን ኮፒ አድርጉ።)

መልሱን ከሬዲዮ ይዛ የመጣችው ኢርና ፊሊፕስ ናት። ከ1930 ጀምሮ ቺካጎ ውስጥ ለቤት እመቤቶች ተከታታይ ድራማ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። በ1949 ኤንቢሲ ለሚባለው ኔትወርክ በየቀኑ የ15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ድራማ ሞከረች፤ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ቆመ። በ1952 ግን ከ1937 ጀምሮ በሬዲዮ ይሄድ የነበረውን «ዘ ጋይዲንግ ላይት» ወደ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ስታመጣው ሬዲዮውን አልዘጋችም። እስከ 1956 ድረስ ያው ታሪክ በሁለቱም ይተላለፍ ነበር። አስቡት፤ ለሬዲዮም የሚሆን ጽሑፍ ለጆሮ ሙሉ መሆን አለበት። ገጸ ባሕርያቱ እየደጋገሙ በስም ይጠራራሉ፣ ትናንት የሆነውን ዛሬ ቡና እየጠጡ ያነሱታል። ያልገባቸው ሰዎች «ይንዛዛል» ይሉታል። እኔ ግን ልብሱን ልታሰጣ ወጥታ ለተመለሰችው ሴት የተተወ በር ነው እላለሁ።

ገንዘቡን ይከፍል የነበረው ሳሙና አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው፤ «ሶፕ ኦፔራ» (የሳሙና ኦፔራ) የሚለው የእነዚህ ድራማዎች ስምም የመጣው ከሬዲዮ ዘመን የሳሙና ማስታወቂያዎች ነው። ሰዎቹን ጻድቅ አላደርጋቸውም። ሴት ቦታዋ ጓዳ ነው ብለው የተነሱ ነጋዴዎች ናቸው። የደንበኛቸው እጅ በየሰዓቱ ምን እንደያዘ ግን አጥንተው ያውቁ ነበር። እናንተስ? ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ አንድ ኢርፎን ሰክታ ወለል የምትወለውለውን ልጅ አስባችኋት ታውቃላችሁ? ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው። ፊታችሁን አታየውም።

ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት አንዴ ስክሪኑን አጥፍታችሁ አዳምጡት። እኔ ከእናቴ ወዲህ ሳላደርገው የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ ቀን ላንሳና ላብቃ። ኅዳር 22 ቀን 1963፣ ኒውዮርክ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40። በ1956 የተጀመረው የፊሊፕስ ሌላው ድራማ፣ «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ»፣ በቀጥታ እየተላለፈ ነው። ድንገት ምስሉ ተቋረጠና የሲቢኤስ ዜና የሚል ጽሑፍ መጣ። የዜና ክፍሉ ካሜራ ገና አልሞቀም ነበር፤ የዚያን ጊዜ ካሜራ ለመሞቅ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። የጣቢያው ዜና አቅራቢ ዋልተር ክሮንካይት በድምፅ ብቻ ገብቶ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ መተኮሳቸውን ተናገረ። ተዋንያኑ ምንም ሳይሰሙ ስቱዲዮ ውስጥ ትወናቸውን ቀጥለዋል። የሚታይ ሰው አልነበረም፤ ዕቃ እያጠበች የነበረችው ሴት ግን ሰምታ ውኃውን ዘግታለች።