ባሕር ለማቋረጥ የሚገዛ ያገለገለ ጀልባ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ስዊድን ነው የሚኖረው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች፣ 11 ሜትር ርዝመት ያላት የሸራ ጀልባ ገዝቶ አትላንቲክን ሊያቋርጥ አስቧል። ፎቶ ልኮልኛል፤ ውስጧ ያምራል። ምን ልበለው?
ከጅማ፣ ሄርማታ

መልስ፦ ጨው ብረትን ምን እንደሚያደርገው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሳለሁ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ትራሱንና መጋረጃውን ይተወው። መጀመሪያ ምሰሶውን ደግፈው የያዙትን የብረት ገመዶች ይመርምር። አንዱ ከተበጠሰ ምሰሶው ሊወድቅ ይችላል። የማይዝግ ብረት ቢሆንም ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ጫፉ ላይ በጨርቅ ይጥረገው፤ የተበጠሰች ክር ካለች ጨርቁን ትይዘዋለች። በጣቱ ግን እንዳይነካት። ገመዶቹ 10 ዓመት ካለፋቸው ማስለወጫው ከዋጋው ላይ ይቀነስለት።

ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አልጋ ደግሞ አያታልለው። ማዕበል ላይ እዚያ እንቅልፍ የለም፤ ጀልባዋ በዘለለች ቁጥር ተኝቶ የነበረውም ይዘላል። መሃል ላይ ጠበብ ያለ፣ ሰው እንዳይወድቅ በጎኑ ሸራ የሚወጠርለት አልጋ ይኑራት። ምድጃዋም ጀልባዋ ስታጋድል ሚዛኑን ጠብቆ የሚወዛወዝ ይሁን፤ የፈላ ውሃ ሰው ላይ እንዳይደፋ። በአየር የሚነፋው የነፍስ ማዳኛ ጀልባ የምርመራ ቀኑ ካለፈ እንደሌለ ይቁጠረው።

ደግሞ አደራ፣ ብሩን ሳይከፍል ከውሃ አስወጥቶ ሥሯን ይመልከት።