ሆት ዮጋ ለጀመራችሁ የድሬ ልጆች

ውጭ አገር የምትኖሩ የድሬዳዋ ልጆች ሆት ዮጋ (ሆን ተብሎ በሞቀ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ዮጋ) ስትጀምሩ አንድ ነገር ያሳስታችኋል፤ «እኛን ሙቀት ምን ያደርገናል!» ትላላችሁ። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከ7 እስከ 14 ቀን በተከታታይ ሲሠራበት ነው፤ ከራቀው ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ይረሳዋል። ብርድ አገር 10 ዓመት የኖረ ሰው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ተወልዶ ቢያድግም ለዚያ ክፍል እንግዳ ነው።

ሙቀቱም አንድ አይደለም። የድሬ ሙቀት ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተናል፣ ሲተንም ያበርዳል። ቢክራም በሚባለው የሆት ዮጋ ስልት የሚሠራበት ክፍል ግን 40 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና 40 በመቶ እርጥበት አለው፤ ሰው ሲሞላበት እርጥበቱ ይብሳል። እዚያ 90 ደቂቃ፣ 26 ፖዝ (የሰውነት አቋም) እና 2 የአተነፋፈስ ልምምድ ይሠራል። ላቡ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ እንደልብ አይተንም፤ ሰውነት ከውስጥ እየጋለ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ፖዞቹን ባልሞቀ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በሳምንት አንዴ ግቡ፤ ምንጣፋችሁን በር አጠገብ ዘርጉ፣ ፎጣ ደርቡበት። ካዞራችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ ተጋደሙ፤ ካልተሻላችሁ ውጡ። ንግግሩ የተምታታበትን ሰው ግን ወዲያው አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አርሱት፣ አምቡላንስ ጥሩ።

ልምምዱ ሊጀመር 2 ሰዓት ሲቀረው ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጡ። ከመግባታችሁ በፊትና ከወጣችሁ በኋላ ተመዘኑ፤ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 ሊትር እስከ 1 ሊትር ተኩል ቀስ እያላችሁ ተኩ። ብዙ ላብ አፍስሶ ባዶ ውሃ ብቻ መጋት የደም ጨውን ያሳንሳል፤ ራስ ምታቱ የሚመጣው አንዳንዴ ከዚያ ነው። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ስኳርና ሎሚ ይበቃል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳታማክሩ አትግቡ።

ይኼን ደግሞ አደራ፤ ጫት በቃማችሁበት ቀን አትሞክሩት። የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ሰውነት ያግላል፣ ድካሙን ይደብቅባችኋል። በረመዳንም ሆነ በጾም፣ ውሃ ባልቀመሰ ሰውነት የሞቀ ክፍል አይገባም።

ሙቀት ጡንቻን ሲያላላው ከአቅም በላይ እንድትሳሳቡ (ጡንቻችሁን እንድትለጥጡ) ያደርጋል። ወደፊት ስታጎነብሱ የጭናችሁ ጀርባ መሐሉ ላይ ቢሳብ ችግር የለውም። ከመቀመጫችሁ አጥንት ሥር ከወጋችሁ ግን የተጎዳው ጅማቱ ነው፤ ጉልበታችሁን እጠፉና ተመለሱ። ያ ጅማት አንዴ ከታመመ ለመዳን ወራት ይፈጃል።

ጂም የምትሠሩ ከሆነ፣ ሁለት ቀን ዮጋ፣ ሁለት ቀን ክብደት ጥሩ ነው። የእግር ክብደት ያነሳችሁበት ቀን ሆት ዮጋ አትጨምሩ፤ ከክብደት በፊትም ረጅም መሳሳብ አትሥሩ፣ ጉልበት ይቀንሳል። ዮጋ መግፋት አለው፣ መጎተት ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ የጎደለውን የጀርባ ሥራ ደምበል (የእጅ ክብደት) እየጎተታችሁ ሙሉት።

ለሐምሌ ቁልቢ ስትመጡ ማሞቂያ አያስፈልጋችሁም። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ግቢ ውስጥ 30 ደቂቃ ሥሩ፤ ማታ ሲሚንቶው የቀኑን ሙቀት ገና ይተፋል። ሐረር ግን ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋቱ ይበርዳል፤ እዚያ ከመሳሳባችሁ በፊት 10 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ።