የዘይት መብራቷ ሚኒሞ ላይ ብልጭ ስትል

ወንድሜ፣ ቶዮታ ቪትዝ መኪናህ ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ቀይዋ የዘይት ምልክት ብልጭ ትላለች፣ ነዳጅ ስትሰጣት ትጠፋለች፣ ቢጫዋ የሞተር መብራትም በርታለች ብለሃል።

ቢጫዋ ትቆይ። ቀይዋ የምትናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ ስለሆነ፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ ዙሩ ሲወርድ፣ ዘይቱም ሞቆ ሲቀጥን ግፊቱ ይደክማል። ስትረግጥ መጥፋቷ አያጽናናህ፤ እኔ በአንድ ኮሮላ ይህንኑ ንቄ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ሽፋን) ተበልቶ ሞተር አስወርጃለሁ። እባክህ አሁን አትንዳት። ደልዳላ ቦታ ላይ አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና የዘይት መለኪያውን አውጥተህ ተመልከት። ጎድሎ ከሆነ ሙላ፣ የሚያፈስበትንም ፈልግ። ዘይቱ ልኩ ላይ ሆኖም ቀይዋ ከበራች መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ትግባ፤ መካኒኩ ሴንሰር ቀይር ከማለቱ በፊት ግፊቱን በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ይለካልህ።

ቢጫዋ ሳትቆራረጥ ከበራች የስህተት ኮዷን በጋራዥ ኮምፒውተር አስነብብ። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን አንዱ ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስቱን፣ ያበላሻል።

ብዙ ቪትዞች የሙቀት ጌጅ የላቸውም፤ ሰማያዊዋ መብራት ሞተሩ ገና አልሞቀም ስትል፣ ቀይዋ ቴርሞሜትር ግን ወዲያው አቁም ትላለች።