ስለ ዶሮው ፊልም፣ ሆርሞን አይደለም

«ሱፐር ሳይዝ ሚ 2 ዶሮው በሆርሞን ነው የሚያድገው ይላል እንዴ?» ላልከው፣ አይልም ወንድሜ። አሜሪካ ውስጥ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ድሮውንም በሕግ ክልክል ነው፤ «ሆርሞን የለበትም» የሚለው ጽሑፍ ገዢ መሳቢያ ነው። ዶሮው በ6 ሳምንት ገደማ ለእርድ የሚደርሰው በዝርያ መረጣና በመኖ ነው፣ አንዳንዱማ እግሩ ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል። የፊልሙ ሠሪ ሞርጋን ስፐርሎክ ራሱ አላባማ ላይ ዶሮ አርብቶ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ምግብ ቤት ከፈተ። እኔን ያሳቀኝ በፍም የተጠበሰ እንዲመስል ሥጋው ላይ ጥቁር መስመር ሲቀቡበት ነው፤ ቀለም እኮ ነው! ዶሮ የሚያረቡትን የገበሬዎቹን ክፍያ ግን እንዳታልፈው። የሚያሠራቸው የዶሮ ድርጅት ጎረቤት ከጎረቤት ያወዳድርና ያነሰ ውጤት ያመጣው ክፍያው ይቀነስበታል፣ ጫጩቱንም መኖውንም የሚያመጣው ድርጅቱ ራሱ ሆኖ ሳለ።