የሌላው ተራ ሲሆን

ልጆቼ፣

ትወና የምትማሩ፣ መድረክ ላይ መውጣት የጀመራችሁም፣ «ጋሼ፣ ምን እንይ?» ትሉኛላችሁ። ፊልም እንድጠቁማችሁ ነው የምትጠብቁት። እኔ ግን ኦፔራ ልሰጣችሁ ነው። ፊታችሁን አታጨማድዱ! ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ጣሊያንኛ ባትችሉም ችግር የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለንደን ኮቬንት ጋርደን የሚባለው ኦፔራ ቤት ካሜራ አስገብቶ የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የፑቺኒን ኦፔራ «ቶስካ» ቀረጸ። ሙሉውን ሳይሆን ሁለተኛውን ገቢር ብቻ፤ ያውም በጥቁርና ነጭ። ቶስካን የምትጫወተው ዝነኛዋ የኦፔራ ዘፋኝ ማሪያ ካላስ ናት። አዘጋጁ ፍራንኮ ዜፊሬሊ ነው። ካላስ የመድረክ ልብሷን ለብሳ ኦፔራ ስትጫወት የሚያሳይ ፊልም እምብዛም ስለሌለ፣ ይቺ ቅጂ እንደ ዓይን ብሌን ትጠበቃለች።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሮም፣ 1800። ቶስካ ዘፋኝ ናት። ፍቅረኛዋ ሰዓሊው ካቫራዶሲ በፖሊስ አዛዡ በስካርፒያ እጅ ወድቋል። ስካርፒያ ሰውየውን በጎን ክፍል እያሠቃየ፣ ጩኸቱን እያሰማ ምስጢር ያስወጣታል። በመጨረሻ «ነፍሱን ላትርፍልሽ፣ አንቺ ግን ገላሽን ስጪኝ» ይላታል።

አሁን ሥራችሁ ይኸውላችሁ። ካላስ ስትዘፍን ለጊዜው ተዉአት። ስካርፒያ ሲዘፍን ግን ዓይናችሁን ከሷ ላይ እንዳትነቅሉ። ተራዋን እየጠበቀች አይደለም። እሱ ቃሉን ሳይጨርስ ነገሩ ፊቷ ላይ ደርሷል። አንገቷ፣ ትከሻዋ፣ ጣቶቿ ይመልሱለታል። አፏን ስትከፍት ከዚያ በፊት የጀመረችውን ነው የምትቀጥለው።

የእኛ መድረክ ላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ተዋናዩ የራሱን ቃለ ተውኔት ይልና ይጠፋል። ቆሟል እንጂ የለም። አንዳንዱማ ተራው እንዳታመልጠው የባልደረባውን ቃል በከንፈሩ እያነበነበ ይከተላል! ከሦስተኛው ረድፍ ይታያል እኮ።

ስካርፒያን የሚጫወተው ዘፋኙ ቲቶ ጎቢም ያው ነው፤ አድማጭ ነው። ሁለቱ ይህንኑ ኦፔራ በ1953 ሚላን ውስጥ በቪክቶር ደ ሳባታ የኦርኬስትራ መሪነት ለሸክላ ቀርጸውት ነበር። ለንደን ሲገናኙ አዲስ አልነበሩም። ጎቢ በትዝታው እንደጻፈው፣ አንድ ጊዜ በዚሁ ገቢር ካላስ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ሻማው ዊጓን አቀጣጠለው። ጎቢ ሊያቅፋት እንደመጣ ሆኖ ጠጋ አለና በእጁ አጠፋው። እሷም ቀስ ብላ አመሰገነችውና ትወናቸውን ቀጠሉ። የራሱን መስመር ብቻ የሚጠብቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እሳቱን ከሕዝቡ ጋር ነበር የሚያየው።

ደግሞ የቢላዋውን ቦታ እዩልኝ። ቶስካ በነገሩ ተስማምታለች፤ ስካርፒያ ለፍቅረኞቹ የይለፍ ወረቀት ለመጻፍ ዞሯል። ቶስካ ወይን ልትጠጣ ወደ እራት ጠረጴዛው ትሄዳለች። እዚያ ቢላዋ አለ። ዜማው ያዘግማል፤ እሷ ምንም አትዘፍንም ማለት ይቻላል። ግን መግደል የሚባለው ሐሳብ ሲመጣባት እናያለን። ቢላዋውን ለማንሳት አትቸኩልም። መጀመሪያ ታየዋለች፣ ከዚያ ትፈራዋለች፣ ከዚያ ትወስነዋለች። ይቺን ብቻ መላልሳችሁ እዩ፤ ድምፁን አጥፍታችሁም ሞክሩት። ስካርፒያ በቢላዋዋ ተወግቶ ከወደቀ በኋላም ኦርኬስትራው ብቻውን የሚሄድበት ረጅም ጊዜ አለ። እዚያም ሥራ አልፈታችም።

ቶስካ በዚሁ ገቢር የምትዘፍናትን «ቪሲ ዳርቴ» የምትባለዋን ዝነኛ ዜማ ሁሉም ያውቃታል፤ ዩቲዩብ ላይ ለብቻዋ ተቆርጣ ትገኛለች። ታሪኩን ታቆማለች ብሎ ፑቺኒ ራሱ ሳይቆጭባት አልቀረም ይባላል። እኔም ለትምህርት ብዬ ከዚያ አልጀምርም። ተቆርጦ የመጣ ነገር ከየት እንደመጣ አያሳይም።

ድምፅ የሚገባቸው ልጆች «ጋሼ፣ ከፍ ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል» ይሉኛል። እውነት ነው። አርባ ዓመቷ ቢሆንም የድምፅዋ ወርቃማ ዘመን አልፎ ነበር። በጁላይ 1965 እዚያው መድረክ ላይ ቶስካን ተጫወተችና ከዚያ ወዲህ ኦፔራ አልተጫወተችም። ግን የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ አልደበቀችውም። ፍቅረኛዋ በጎን ክፍል እየተሠቃየ ያለች ሴት እንዴት አድርጋ ለስላሳ ትሁን?

ጊዜ ካላችሁ የፓሪሱንም ፈልጉት። በዲሴምበር 1958 በነበረው ትልቅ የኮንሰርት ምሽት ካላስና ጎቢ ይህንኑ ገቢር ተጫውተዋል፤ እሱም ተቀርጿል። በድምፅ የፓሪሱ ይበልጣል፤ በትወና ግን የለንደኑን የሚያህል አላየሁም። የሙዚቃ ተማሪዎች በዚህ እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ይምጡና እንከራከር።